የሜቶትሬክሴትን ውጤት በነጻ በሚገኝ የጂን መረጃ አስቀድሞ መተንበይ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ጀማሪ ተንታኝ»

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የባዮኢንፎርማቲክስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ በሚያጠቃበት በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ለመሥራት ከአማካሪዬ ጋር ተስማምተናል፤ ነገር ግን አዲስ ናሙና ለመሰብሰብም ሆነ አርኤንኤ ለማስነበብ በጀት ስለሌለን ሥራው በሙሉ ሌሎች አጥኚዎች በይፋ በለቀቁት መረጃ ላይ መመሥረት ይኖርበታል።

መመለስ የምፈልገው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ሜቶትሬክሴት ለአብዛኛው ታማሚ በቅድሚያ የሚታዘዝ መድኃኒት ቢሆንም ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ወስደውት በቂ መሻሻል አያሳዩም፤ ይህም የሚታወቀው ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ሲሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ መገጣጠሚያው መጎዳቱን ሊቀጥል ይችላል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከተወሰደ የጂን ኤክስፕሬሽን (የትኛው ጂን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ) መረጃ ተነሥቶ መድኃኒቱ ለማን እንደሚሠራ ማወቅ ቢቻል ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ሦስት መንገዶች ታይተውኛል። የመጀመሪያው በብዙ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግመው የማገኛቸውን ጂኤስኢ 55235፣ ጂኤስኢ 55457 እና ጂኤስኢ 55584 የተባሉትን ስብስቦች ጂን ኤክስፕሬሽን ኦምኒበስ ከተባለው የመረጃ ቋት አውርዶና አዋህዶ በራንደም ፎረስት፣ ማለትም የብዙ የውሳኔ ዛፎችን ድምፅ በሚያጣምር ዘዴ፣ ሞዴል መገንባት ነው። ሁለተኛው በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የሚገኙ የታካሚ ካርዶችን ወደ ሠንጠረዥ ለውጦ መሥራት ነው። ሦስተኛው ታትመው በወጡ የዘረመል ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ለእያንዳንዱ ሰው የተጋላጭነት ነጥብ ማስላት ነው። ከእነዚህ ውስጥ በአንድ ተማሪ አቅም በአግባቡ ሊሠራ የሚችለው የትኛው ነው? በዘርፉ ያላችሁ ሰዎች አስተያየታችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «ሲኖቪየም»

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያው መንገድ የጠቀሱት መረጃ ግን ጥያቄውን ሊመልስ አይችልም። የምሠራው በዚሁ ዓይነት መረጃ ላይ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ሦስቱ ስብስቦች ሦስት ነጻ ጥናቶች ቢመስሉም የአንድ ጥናት ክፍሎች ናቸው፤ በጠቅላላው የ79 ሰዎች ናሙና ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 33ቱ የሩማቶይድ አርትራይተስ፣ 26ቱ የኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት ሕመም)፣ 20ዎቹ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የተወሰዱ ናቸው። በአንዱ ላይ አሠልጥኖ በሌላው ላይ «በውጭ መረጃ አረጋገጥሁ» ማለት፣ ብዙ ጽሑፎች እንደሚያደርጉት፣ ከሚሰማው ያነሰ ማረጋገጫ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በሠንጠረዦቹ ውስጥ ታማሚው መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ምን ያህል እንደተሻለው የሚናገር ዓምድ የለም። ስለዚህ ሞዴሉ ሊማር የሚችለው «ይህ ሕብረ ሕዋስ የሩማቶይድ ነው ወይስ የኦስቲዮአርትራይተስ?» የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ሐኪም ታሪክ ጠይቆ፣ መገጣጠሚያ ዳስሶና ደም አስመርምሮ የሚደርስበት ስለሆነ ለዚያ ሲባል ባዮፕሲ (የሕብረ ሕዋስ ቁራጭ) የሚወስድ የለም። ውጤቱም ማማሩ አይቀርም፤ በሊምፎሳይት፣ ማለትም በበሽታ መከላከያ ሕዋሳት፣ የተሞላ የተቆጣ የመገጣጠሚያ ሽፋንን ካልተቆጣው መለየት ለማንኛውም አልጎሪዝም ቀላል ነውና። «ቁልፍ ጂኖች» ተብለው የሚወጡት ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ የእነዚሁ ሕዋሳት፣ የቲ እና የቢ ሴሎች፣ መለያዎች ሆነው የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚነግሩን በቁራጩ ውስጥ የትኞቹ ሕዋሳት እንደበዙ እንጂ የትኛው ጂን በሽታውን እንደሚነዳ አይደለም።

ለጥያቄዎ የሚቀርበው መረጃ ፒኢኤሲ በመባል ከሚታወቀው የእንግሊዝ ጥናት የተገኘው ነው። ጥናቱ ሕመሙ ከጀመራቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆናቸውንና በሽታውን የሚቆጣጠር መድኃኒት ገና ያልጀመሩ ሰዎችን ወስዶ፣ በአልትራሳውንድ እየተመራ ከመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን፣ ማለትም ከሲኖቪየም፣ ናሙና አንሥቶ ከደማቸው ጋር አርኤንኤውን አስነብቧል፤ ከዚያም እየታከሙ ተከታትሏቸዋል። የአርኤንኤ መረጃቸው የታተመው 90 ገደማ የሚሆኑ ታማሚዎች ሲሆኑ ጽሑፉ በ2019 በሴል ሪፖርትስ ወጥቷል፤ መረጃውም አሬይኤክስፕረስ በተባለው የመረጃ ቋት ላይ ይገኛል። ሽፋኑ በሦስት ገጽታዎች ተከፍሏል፦ ቢ ሴሎችና ፕላዝማ ሴሎች የሚበዙበት ሊምፎማይሎይድ፣ ማክሮፌጅ (ጀርምን የሚውጥ ሕዋስ) የሚበዛበት ዲፊዩዝ ማይሎይድ፣ እና የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት የሚያንሱበት ፋይብሮይድ። እነዚህን ገጽታዎች ከስድስት ወር በኋላ ከታየው የሕመም መጠን ጋር ማገናኘት በላፕቶፕ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

ሞዴሉን ሲገነቡ ከሃያ ሺህ ጂኖች አይጀምሩ። በ90 ሰው ላይ ሃያ ሺህ መለኪያ ሲፈተሽ በአጋጣሚ ብቻ የሚገጥም ነገር ሁልጊዜ ይገኛል። ከዚህ ይልቅ በነጠላ ሕዋስ ጥናቶች የታወቁ ጥቂት የሕዋስ ዓይነቶችን የጂን ስብስብ አስቀድመው ይምረጡ። ለዚህ የሚሆነው ምንጭ በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት በ2014 የተጀመረው ኤኤምፒ የተባለው የምርምር ትብብር ነው፤ በ2023 በኔቸር የታተመው ሥራቸው ከ314,000 በላይ ሕዋሳትን መርምሮ የታማሚዎችን ሲኖቪየም በስድስት ዓይነት ከፍሏል። እዚህ ላይ አንባቢን የሚያሳስት ቁጥር አለ፤ ሕዋሳቱ ከ314,000 በላይ ቢሆኑም የመጡት ከ79 ሰዎች ነው። የአንድ ሰው አምስት ሺህ ሕዋሳት አምስት ሺህ ነጻ ምስክሮች አይደሉም፤ እያንዳንዱን ሕዋስ እንደ አንድ ናሙና ቆጥሮ ፒ-ቫልዩ (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የመታየት ዕድል) የሚያሰላ ትንተና እጅግ ትናንሽ ቁጥሮችን ያወጣል፣ አብዛኞቹም ባዶ ናቸው። መፍትሔው የአንዱን ታማሚ የአንድ ዓይነት ሕዋሳት ደምሮ ታማሚውን እንደ አንድ ናሙና መያዝ፣ ማለትም ሱዶበልክ የሚባለው አሠራር ነው።

ከዚሁ መረጃ ተነሥቶ ሲበርሶርትኤክስ በተባለው ሶፍትዌር ወይም በተመሳሳይ መሣሪያ በፒኢኤሲ ናሙና ውስጥ የየሕዋሱን ድርሻ መገመትም ይቻላል። ነገር ግን ወጥ ቀምሶ ስንት ራስ ሽንኩርት እንደገባበት ከመገመት ብዙም የማይርቅ ነገር ስለሆነ ግምቱን እንደ ልኬት አይያዙት።

ሁለት ቴክኒካዊ ማሳሰቢያዎችን ልጨምር። ጂን መምረጥ ካስፈለገ መረጣው በክሮስ ቫሊዴሽኑ (መረጃውን እየከፋፈሉ በከፊሉ አሠልጥኖ በቀሪው መፈተን) በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ይከናወን፤ በሙሉው መረጃ ላይ ከተመረጠ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ መልሱን አይቶ ፈተና እንደመውሰድ ይቆጠራል። እንዲሁም በተለያየ ጊዜ ወይም ቦታ የተነበቡ ናሙናዎችን ለማስማማት ኮምባት የተባለውን ፕሮግራም ሲጠቀሙ «የታማሚውን ቡድን ጠብቅልኝ» ብለው ካዘዙት፣ በተለይ ቡድኖቹ በየንባብ ዙሩ እኩል ካልተከፋፈሉ፣ በቡድኖቹ መካከል የሌለ ልዩነት ሊፈጥር ይችላል። የንባብ ዙሩን ልዩነት ከማጽዳት ይልቅ ዙሩን በስታቲስቲክስ ሞዴሉ ውስጥ እንደ አንድ ተለዋዋጭ ማስገባት የተሻለ ነው።

መልስ፦ «ውስጥ ደዌ»

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ስለ ሁለተኛው መንገድ ብቻ እጽፋለሁ።

በካርድ ላይ የሚያገኙት «ተሽሎታል»፣ «ለውጥ የለም»፣ «ያው መድኃኒት ይቀጥል» የሚሉ አጫጭር ማስታወሻዎችን ነው። ዳስ28 የሚባለውን የሕመም መጠን ነጥብ ለማስላት በ28 መገጣጠሚያዎች ላይ ሲነካ የሚያመውና ያበጠው ለየብቻ መቆጠር፣ በደም ውስጥ ቁጣን የሚያሳዩትን ኢኤስአር ወይም ሲአርፒ መለካት፣ ታማሚውም ራሱ ሕመሙን ከዜሮ እስከ መቶ መመዘን አለበት። ጥሩ መሻሻል ተብሎ የሚመዘገበው ነጥቡ ከ1.2 በላይ ወርዶ፣ በመጨረሻም 3.2 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ሰልፍ በሚበዛበት ተመላላሽ ክፍል በየቀጠሮው ይህ ሁሉ ተመዝግቦ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የተመዘገበላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕመማቸው የጠናባቸው ወይም የተለየ ትኩረት ያገኙ ስለሆኑ ሌሎቹን አይወክሉም።

ምርመራው ራሱም ማጣራት ይፈልጋል። ሩማቶይድ ፋክተር በተባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነ ሁሉ ሩማቶይድ አርትራይተስ የለበትም፤ በሳንባ ነቀርሳ፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ በዕድሜ መግፋትም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። አንቲ ሲሲፒ የተባለው የደም ምርመራ የተሻለ የሚለይ ቢሆንም ሁሉም ታማሚ አያሠራውም። ስለዚህ በ2010 በአሜሪካና በአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት የወጣውን የነጥብ መስፈርት፣ ከአሥር ስድስትና ከዚያ በላይ ያገኘውን የሚቀበለውን፣ በካርዱ ላይ ባለው መረጃ መሙላት መቻልዎን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከዚያ ደግሞ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚለው አለ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ከፋርማሲ የጠፋበት ወር ይኖራል፣ ታማሚው ማቅለሽለሹ ከብዶት በራሱ ያቆመበት ጊዜ ይኖራል፣ ቁጣን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን አብሮ እየወሰደ የተሻለው የትኛው እንደሆነ የማይለይበት ሁኔታም አለ። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ሁሉ «ያልሠራለት» በሚል አንድ ዓምድ ውስጥ ያስገባቸዋል፤ የሚማረውም የመድኃኒት አቅርቦትን እንጂ የበሽታውን ባሕርይ አይሆንም።

በሀገር ውስጥ ታማሚዎች ላይ መሥራት ከፈለጉ የድሮ ካርድ ከመቆፈር ይልቅ ሲዳይ የተባለውን መለኪያ የያዘ አንድ ገጽ ቅጽ ለወደፊቱ ማስሞላት ይሻላል። የላቦራቶሪ ውጤት አይጠይቅም፤ ያመመና ያበጠ መገጣጠሚያ ብዛት፣ የታማሚው ግምትና የሐኪሙ ግምት ተደምረው ከ0 እስከ 76 ይሆናሉ፤ ከ10 የማይበልጥ ዝቅተኛ፣ ከ22 በላይ ከፍተኛ ነው። በአንድ የመመረቂያ ጊዜ ግን አያልቅም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንደሚያስፈልግና የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ተጨማሪ ጥበቃ እንዳለውም ከአማካሪዎ ጋር ይነጋገሩበት።

በነገራችን ላይ የውጤት መለኪያው ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭም ይችላል። ለዚሁ በሽታ የሚሰጠው ቶሲሊዙማብ ቁጣን የሚያነሣሣውን የኢንተርሉኪን 6ን መንገድ ስለሚዘጋ ሲአርፒን በቀጥታ ያወርዳል፤ መገጣጠሚያው እንዳበጠ ሆኖ እንኳ ሲአርፒ ያለበት ነጥብ ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቶችን የሚያነጻጽር መረጃ ሲያገኙ ውጤቱ በምን እንደተለካ ይመልከቱ።

መልስ፦ «ሚዛን»

ከላይ የተባለው ሁሉ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከስታቲስቲክስ አንጻር ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት። በፒኢኤሲ ታማሚዎቹ ሁሉ በተመሳሳይ ስልት ታክመዋል፤ ያልታከመ ወይም በሌላ መድኃኒት የታከመ ማነጻጸሪያ ቡድን የለም። ስለዚህ የሚገነቡት ሞዴል «ማን ከስድስት ወር በኋላ ይሻለዋል?» የሚለውን እንጂ «ሜቶትሬክሴት ለማን ይሠራል?» የሚለውን አይመልስም። አንዳንዱ ሰው በማንኛውም መድኃኒት ሊሻለው የሚችል ነው፤ አንዳንዱም ነጥቡ በጣም ከፍ ባለበት ቀን ስለተለካ ብቻ በሚቀጥለው ልኬት ዝቅ ይልለታል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት መድኃኒት የተመደቡበት ጥናት ያስፈልጋል። በ2021 በላንሴት የታተመው አርፎርአርኤ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ፀረ ቲኤንኤፍ የተባለ ሌላ ዓይነት የሩማቶይድ መድኃኒት በቂ ለውጥ ያላመጣላቸው 164 ሰዎች በ19 ማዕከላት ባዮፕሲ ተወስዶላቸው ለሪቱክሲማብ ወይም ለቶሲሊዙማብ በዕጣ ተመደቡ። ቢ ሴል ያነሰባቸው ሰዎች በማይክሮስኮፕ ሲለዩ የተሻላቸው በሪቱክሲማብ 45 በመቶ፣ በቶሲሊዙማብ 56 በመቶ ነበሩ፤ ይህ ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። በአርኤንኤ ሲለዩ ግን 36 በመቶ ለ63 በመቶ ሆነ። ሪቱክሲማብ የሚያጠፋው ቢ ሴልን ስለሆነ ይህ ከመድኃኒቱ አሠራር ጋር የሚስማማ ነው። ልብ በሉ፤ ልዩነቱን ያሳየው ሞዴል የተራቀቀ አልነበረም፤ አስቀድሞ የተወሰነ አንድ የጂን ስብስብ ነበር።

ስለ ናሙና ብዛት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለምሳሌ ከ90 ታማሚዎች 30ዎቹ ያልተሻላቸው ቢሆኑ፣ ለአንድ መለኪያ ቢያንስ አሥር ክስተት (እዚህ ላይ አሥር ያልተሻለው ሰው) በሚለው የቆየ ልማድ እንኳ ሦስት መለኪያ ብቻ ነው የሚችሉት። «ተሻለው» እና «አልተሻለውም» ብሎ ለሁለት መክፈል መረጃ ስለሚያባክን የስድስተኛ ወሩን ዳስ28 እንደ ቁጥር ይተንብዩ፤ የመነሻውን ዳስ28፣ ዕድሜና ጾታ የያዘ ተራ ሞዴል በመጀመሪያ ይሥሩ፤ ከዚያ የጂን ስብስቡ ሲጨመር ትንበያው ምን ያህል እንደተሻሻለ በቡትስትራፕ (ከመረጃው ደጋግሞ ናሙና በመውሰድ) ከነግምት ክልሉ ያሳዩ። ያለዚህ ማነጻጸሪያ የቀረበ ማንኛውም ውጤት ለእኔ አያሳምንም።

መልስ፦ «ዘረመል»

ሦስተኛውን መንገድ ይተዉት እላለሁ፤ ምክንያቴን ላቅርብ። የተጋላጭነት ነጥብ የሚናገረው በሽታው የመያዝ ዕድልን ነው፤ ከተያዘ በኋላ ለመድኃኒት የሚኖረው ምላሽ ሌላ ጉዳይ ነው። በሽታው ላይ ከታወቁት ዘረመላዊ ምክንያቶች ትልቁ ኤችኤልኤ ከሚባሉት የበሽታ መከላከያ ጂኖች አንዱ በሆነው በኤችኤልኤ-ዲአርቢ1 ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በ1987 የቀረበው የ«ጋራ ኤፒቶፕ» ሐሳብ (ተጋላጭ የሚያደርጉት የጂኑ ዓይነቶች አንድ የጋራ ክፍል አላቸው የሚለው) በ2012 ወደ ጥቂት የአሚኖ አሲድ ቦታዎች፣ በዋናነት ወደ 11፣ 71 እና 74፣ ጠብቧል። በ2022 በኔቸር ጄኔቲክስ የወጣው ሰፊ ጥናት 276,020 ሰዎችን ከአምስት የዘር ሐረግ ቡድኖች አካትቶ 124 የጂኖም ሥፍራዎችን ለይቷል፤ ሆኖም ከተካተቱት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ሰዎች ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ታማሚ ይህን ነጥብ ማስላት ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለማመሳከሪያ የሚያገለግለው የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት 2,504 ሰዎችን ከ26 ሕዝቦች ቢይዝም ከኢትዮጵያ ሕዝቦች አንዱንም አልያዘም። የኤችኤልኤ አካባቢ ደግሞ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ እጅግ ከሚለያዩት የጂኖም ክፍሎች አንዱ ነው። በሀገራችን በዚህ አካባቢ ላይ መሥራት አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም፤ በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው የፖዶኮኒዮሲስ (ከአፈር ጋር የተያያዘ የእግር እብጠት) ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ በ194 ታማሚዎችና በ203 ጤነኞች ላይ ተሠርቶ የኤችኤልኤ ክላስ ሁለት ጂኖችን ሚና አሳይቷል። ያ ውጤት የተገኘው ግን የሌላ ሀገር ነጥብ ተውሶ ሳይሆን እዚያው ናሙና ተሰብስቦ፣ በቤተሰብ ጥናትና በቀጥታ የኤችኤልኤ ምርመራ ተረጋግጦ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር፦ የፒኢኤሲን ጥሬ የአርኤንኤ ንባብ ማውረድ ከቻሉ እንደ አርካስኤችኤልኤ ባሉ መሣሪያዎች የየታማሚውን የኤችኤልኤ ዓይነት ከዚያው ማውጣት ይቻላል። ለመመረቂያው ባያስፈልግም ለተከታይ ሥራ ይያዙት።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ «ጀማሪ ተንታኝ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመልሶቻችሁ መሠረት ጥያቄዬን «ከሕክምና በፊት በሲኖቪየም የሚታይ የሕዋስ ገጽታ፣ ከተለመዱት የክሊኒክ መለኪያዎች በላይ፣ የስድስት ወር ውጤትን ለመተንበይ ይረዳል ወይ?» በሚል ላጠበው አስቤያለሁ። ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። ላፕቶፔ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነው ያለው፤ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። እንዲሁም የጂን ስብስቡ ምንም ካልጨመረ ጽሑፉ ዋጋ ይኖረዋል?

መልስ፦ «ሲኖቪየም»

ለጥያቄዎ ጥሬ ንባብ አያስፈልግም፤ የጂን ቆጠራ ሠንጠረዡ ትንሽ ፋይል ነው፣ በአር ውስጥ ባሉት ሊማ ወይም ዲሴክ 2 በተባሉት ፓኬጆች ያለ ችግር ይሠራል። ከኤኤምፒ በኩልም የሚያስፈልግዎ የየሕዋሱ መለያ ጂኖች ዝርዝር ብቻ ስለሆነ የሦስት መቶ ሺህ ሕዋስ ሠንጠረዥ ሜሞሪ ላይ መጫን የለብዎትም።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ የጂን ስብስቡን፣ የክሊኒክ መለኪያዎቹንና የስሌት ዘዴውን መረጃውን ከመክፈትዎ በፊት በጽሑፍ አስቀምጠው ቀን ያለው ቅጂ ለአማካሪዎ ይስጡ። እንዲህ ከተሠራ «ጭማሪው ከዚህ እስከዚህ ባለው ክልል ውስጥ ነው፣ ዜሮንም ያካትታል» የሚል ውጤት በሚገባ ይታተማል፤ ገምጋሚዎች የሚጠራጠሩት ዘዴው ውጤቱ ከታየ በኋላ ሲቀያየር ነው።

ሥራውን ሲጀምሩ በቅድሚያ የናሙናዎቹን ዝርዝር ሠንጠረዥ ይክፈቱ። በፒኢኤሲ ውስጥ አንዱ ታማሚ የሲኖቪየምም የደምም ናሙና ሊኖረው ይችላል፤ ክሮስ ቫሊዴሽኑን በናሙና መለያ ከከፈሉት የአንዱ ሰው ደም በማሠልጠኛው፣ ሲኖቪየሙ በመፈተኛው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በታማሚ መለያ ይክፈሉ፤ የስድስት ወር ነጥብ የሌላቸው ታማሚዎች ስንት እንደሆኑና በመነሻው ላይ ከሌሎቹ በምን እንደሚለዩም ከማናቸውም ሞዴል በፊት በአንድ ሠንጠረዥ ያውጡ።